አጥር ላይ የተሰቀለው ብርቱካን

ትናንት ከገበያ ስመለስ የግቢያችን በር መቀርቀሪያ ላይ ብርቱካን የያዘ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ሰማያዊ፣ ስስ ፌስታል ነው፤ ፍሬዎቹ ከብደውት ጆሮው ተለጥጧል። ላወርደው እጄን ዘረጋሁና እጄ እምቢ አለኝ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ በገዛ ደጄ ላይ እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ።

የሰቀለችው ሜሮን ናት። ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስታቲስቲክስ ነው የምታጠናው። ሐሙስ ለምታቀርበው ሴሚናር ስትዘጋጅ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ለዶሮዎቼ ትምህርት ስትሰጥ ሰንብታለች። ጽሑፉን አብራት የሠራችው ጓደኛዋ ግን ሳንባዋን ታማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለው ቤቷ አልጋ ላይ ነች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት ወደ በሩ ስትመጣ።

"ለቃልኪዳን ነው፣ እትዬ ስንዱ። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ በዚያ ሲያልፍ በሯ ላይ ያስቀምጥልኛል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ሐሙስ ማቅረብ አለብኝ። መድኃኒት ከጀመረች ቆየች፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አታስተላልፍም ብሏል። ግን..."

ይቺን "ግን" አውቃታለሁ። በልጅነቴ አንድ ሙሉ መስከረም አብሬያት ኖሬያለሁ። ዱካዬን ሳብኩና "ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አልኳት። እኔ ወሬ ስጀምር እንደሚረዝምብኝ ስለምታውቅ ሰዓቷን አየች፤ ቢሆንም ተቀመጠች። የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ጅማ የመጣ ሰው ነበር፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ሞተብንና ትምህርቴን ተውኩ። እናቴ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለችውን ቤታችንን ግማሹን አከራየች፤ እኔን ታይፕ ማስተማሪያ አስገባችኝ። ከተማ መሀል፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ፣ ስድስት የታይፕ መኪና የተደረደረባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ስንጽፍ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል። ጣቶቼ ፈጠኑ። ብዙም ሳልቆይ እዚያው ጅማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ።

እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚያ ነው፤ የተበላሸ ወረቀት እየለቀምኩ፣ ጀርባውን እያገላበጥኩ። አሁንም ድረስ እንግሊዝኛ ስናገር ከገበያ ቃል ይልቅ "ስለዚህ" እና "እንበልና" ይቀናኛል። የሒሳብ ሰዎች ያለ "እንበልና" መንገድ አይጀምሩም።

ሐሙስ ከሰዓት ሴሚናር ነበር። አንድ መምህር ሲመራመር የከረመበትን ነገር ይዞ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቆማል፤ ሌሎቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ይፈትሹታል። ፍተሻው የዋዛ አልነበረም። በአንዲት ፊደል ምክንያት እንደ ድንበርተኛ ገበሬ ሲካሰሱ፣ ጠመኔ ሲነጣጠቁ አይቻለሁ። ከዚያ አዴ ዘይነባ ሻይ ታስገባለች፤ ሁሉም ባንድ ላይ እየጠጡ ይሳሳቃሉ። አዴ ዘይነባ የክፍሉ ሻይ አፍዪ ነበረች፤ ከአጋሮ ማዶ ካለች ትንሽ የቡና ከተማ የመጣች፣ ጠይም፣ ወፍራም፣ ሳቋ ከሻይዋ የሚጣፍጥ ሴት።

አንድ የማይሻር ሕግ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደረጀ "ጽሑፉ ተባዝቶ ካልታደለ ሴሚናር የለም" ይሉ ነበር። ማባዛቱ ደግሞ እንደዛሬው አልነበረም። ስቴንስል የሚባል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት አለ፤ ታይፑ ሰሙን ይበሳዋል፣ ከዚያ ማባዣው ላይ ተጠቅልሎ ቀለሙ በብሱ እያለፈ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ችግሩ መኪናዬ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ናቸው። የሒሳቡን ምልክት ከየት ላምጣው? ስለዚህ ቀመር በመጣ ቁጥር በዓይኔ እየለካሁ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ መምህሩ መጥቶ በሹል ብረት ብዕር ባዶውን በእጁ ይሞላል። የጽሑፉ ቃል የእኔ፣ የጽሑፉ ልብ የእነሱ።

ሰም ምሕረት የለውም። የሚጭረው እጅ ከተንቀጠቀጠ ስቴንስሉ ይቀደዳል፤ በቀዳዳው ቀለም ይፈስና ገጹ በሙሉ ጥቁር ቁስል ይሆናል።

ጋሼ ይልቃል የስታቲስቲክስ መምህር ነበር። ያን ጊዜ "እርስዎ" ነበር የምለው፤ አሁን በዕድሜ ጥዬው ስለሄድኩ "እሱ" ብለው አይቀየመኝም። የጎጃም ሰው ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ። ስቴንስል ይዞ በመጣ ቁጥር "ስንዱ፣ ስንዱ ነሽ?" ይለኛል። ሺህ ጊዜ ያልኩ ያህል "ስንዱ ነኝ ጋሼ" እላለሁ፤ እሱም እንደ አዲስ ይስቃል። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር።

የቡና ለቀማ በደረሰ ቁጥር ጋሼ ይልቃል በጭነት መኪና ተንጠላጥሎ ወደ ቡና ከተሞች ይሄዳል። ሲመለስ ዓይኑ በአቧራ ቀልቶ፣ ጫማው የእሸት ቡና ልጣጭ ሸትቶ፣ ለእኔ ጎደሬ፣ ለአዴ ዘይነባ ማር ይዞ ነው። አንድ ቀን ባዶ ቦታ እየለካሁለት ሳለ ጠየቅሁት።

"ይሄ ሁሉ ምልክት ስለ ምንድን ነው ጋሼ?"

"ስለ ለቃሚዎቹ። በየዓመቱ ከስንት አገር መጥተው ቡና ይለቅማሉ፤ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። አንድ ሰው ያንን በሽታ ይዞ መጣ እንበል።" የበሽታውን ስም ያኔ ማንም ጮክ ብሎ አይጠራውም። "ያ ሰው ለስንት ሰው ያስተላልፋል? በአማካይ ከአንድ በታች ከሆነ በሽታው እንደ እርጥብ እንጨት እሳት ራሱ ይከስማል። ከአንድ በላይ ከሆነ ሰደድ ነው። እኔ የምፈልገው ያቺን አንድን ነው።"

"አግኝተዋታል?"

"ልደርስባት ነው። የአዴ ዘይነባን ከተማ ታውቂያለሽ? መኪናዎቹ ሁሉ የሚቆሙት እዚያ ነው። ለቀማ ሳይጀመር እዚያች ከተማ ውስጥ የጤና ሰዎች አንዲት ክፍል ከፍተው ቢያስተምሩ፣ ቢመረምሩ፣ ቁጥሩ ከአንድ በታች ይወርዳል ወይስ አይወርድም? የጽሑፌ የመጨረሻ መስመር ይሄ ነው። ከጤና መምሪያው አንድ ሰው ሴሚናሩ ላይ እመጣለሁ ብሎኛል። ይወርዳል ካልኩትና ካሳመንኩት ክፍሏን ለቀማ ሳይደርስ አስከፍታለሁ ብሏል።"

አዴ ዘይነባ ሻይ ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። ልጇ ሀዋ እዚያ ከተማ፣ ሾፌሮቹ ከሚያድሩበት አጠገብ፣ ሻይ ቤት ነበራት። "ያ ረቢ! ቶሎ ጻፊለት እንጂ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው።

በዚያ ክረምት ጋሼ ይልቃል ሳል ያዘው። የጅማ ክረምት እንኳን የታመመን ጤነኛውንም ያሳስላል፤ መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ ኮቱ ሰፋው፣ ቀበቶው ዞረው። ከዚያ ሹክሹክታው መጣ። አንድ ሐሙስ ሻዩ ሲገባ ከትሪው ላይ አንዷ ኩባያ ከሌሎቹ ተለይታለች፤ ሌሎቹ ነጭ ሲሆኑ እሷ ብቻ አረንጓዴ ናት። ማን እንዳዘዘ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አዴ ዘይነባ ትሪውን ይዛ ከበሩ ላይ ቀረች።

"አና ሚቲ፣ ስንዱ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እንባ አዝሎ። "እኔ አይደለሁም። ታዝዤ ነው።"

ጋሼ ይልቃል አየ። ተነሥቶ ወደ ትሪው መጣና አረንጓዴዋን ራሱ አነሣት። "ይቺ የእኔ ናት አይደል አዴ? የጎጃም ሰው አረንጓዴ እንደሚወድ ማን ነገረሽ?" አለ። ማንም አልሳቀም። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው አቶ ነስረዲን ነው፤ የሒሳብ መምህር፣ የጅማ ልጅ፣ የልብ ጓደኛው። አንድ ወንበር ላይ ለሁለት ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ያን ቀን ነስረዲን ወለሉን እያየ ሻዩን ጨረሰ።

መስከረም ላይ ጋሼ ይልቃል ከቤት መውጣት አቃተው። አቶ ደረጀም ቢሯቸው ጠሩኝ። "የጤና መምሪያው ሰው የሚመጣበት ሐሙስ ደርሷል። ይልቃል ጽሑፉን ካላስባዛ ቀኑን ለሌላ እንሰጣለን። ሄደሽ ጠይቂው እስቲ" አሉኝ። እሳቸው ለምን እንዳልሄዱ አልጠየቅኋቸውም፤ የሃያ ዓመት ልጅ ኃላፊዋን ምን ብላ ትጠይቃለች?

ቤቱ ጅሬን ዳገት ላይ ነበር። ስቴንስሎቹን በካርቶን አቅፌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። ግቢው ጋ ስደርስ ግራ ገባኝ። አጥሩ ፌስታል ለብሷል። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ በየእንጨቱ ጫፍ ብርቱካን ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ፌስታሎቹ ውስጥ ገብቶ፣ ፍሬዎቹ ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። የታችኞቹ ሻግተዋል።

የኛ ሰው በሽተኛ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ያልጠየቀ ይታማል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ዳገቱን ይወጣል፤ ተማሪውም መምህሩም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ አይገባም። ብርቱካኑን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጠይቄአለሁ ብሎ፣ ይመለሳል።

ቆሜ የቀረሁት ብዙ አልነበረም፤ ዝናብ ነበርና። ገባሁ።

አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። "ስንዱ፣ ስንዱ ነሽ?" አለኝ፤ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው። "ስንዱ ነኝ ጋሼ" አልኩ። አንዱን ፌስታል ይዤ ገብቼ ነበር። ሲያየው ሳቀ። "ላጭና ብዪ። ብርቱካን ልጣጭ አለው፤ እኔን ብትፈሪ ልጣጩን እመኚ።"

ልጬ አካፈልኩትና አብረን በላን።

ብረት ብዕሩን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያው ስቴንስል ተቀደደ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ሳንሞክር ብዕሩን ወደ እኔ ገፋው።

"አንቺ ጻፊው።"

"እኔ? አንዱንም አላውቀው ጋሼ!"

"ማወቅ የኔ ነው። አንቺ ሣዪው።"

ወረቀት ላይ በትልቁ ይጽፍልኛል፤ እኔ ሰሙ ላይ በትንሹ እሥላለሁ። አንዷን ምልክት እግሯን አንፈራጣ የቆመች ሴት አልኳት፤ ሌላይቱን የተሰበረ ወንበር። እሱም ስማቸውን ትቶ በእኔ ስም ይጠራቸው ጀመር፤ "አሁን አንፈራጣዋን፣ ከሥሯ ትንሽ ወንበር" ይለኛል። ከሥራ በኋላ እየሄድኩ እንዲህ ሰነበትን።

ቤት ስገባ ግን ሌላ ጦርነት ነበር። ወሬው ጊንጆ ጉዱሩ ደርሷል። እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ማን ያገባሽ መሰለሽ ከእንግዲህ? ያን ቤት ደፍሮ የሚገባ ያንቺ እግር ብቻ ነው?"

"ብቻውን ነው እኮ እማዬ።"

"ብቻውን መሆኑን እኔ አመጣሁበት?" አለችና ፊቷን አዞረች። በማግሥቱ ጠዋት ግን ትኩስ አጥሚት በፔርሙዝ ሞልታ ሰጠችኝ። "ቅቤ ያለው ነው። ሳይበርድ ይጠጣ" አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ፔርሙዙን እዚያው ተዪው" አለችኝ። ያቺ ፔርሙዝ የአባቴ ነበረች። ደግነትና ፍርሃት አንድ ዕቃ ውስጥ ተቀድተው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እናቴን በየትኛው እንደምመዝናት ዛሬም አላውቅም።

ባዶዎቹ ሁሉ ሞሉ፤ አንድ ብቻ ቀረ። የመጨረሻው መስመር።

"እሱን ተዪው" አለኝ። "አንድ ነገር እየጠረጠርኩ ነው። የሚመለሱትንና የሚቀሩትን የለየሁበት መንገድ ልክ ከሆነ ይወርዳል። ካልሆነ አይወርድም። ያቺን ነስሩ ሳያያት ሰም ላይ አላሳርፋትም። በውሸት ተስፋ ክፍል አስከፍተን ሳይሠራ ቢቀር ሁለተኛ ማን ይሰማናል? ነስሩን ጥሪልኝ። ይጨቅጭቀኝ።"

ለአቶ ነስረዲን ነገርኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ። "ነገ እመጣለሁ በዪው። ወላሂ እመጣለሁ" አለ።

በማግሥቱ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሼ ይልቃል ፊቱን አስጠርጎኝ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወረቀቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። የብስክሌት ደወል ከዳገቱ ሥር ተሰማ። "ያ የነስሩ ብስክሌት ነው!" አለ፤ ፊቱ ላይ ብርሃን ሲወጣ አየሁ። ደወሉ ቀረበ፣ አጥሩ ጋ ደርሶ ዝም አለ። ጠበቅን። የፌስታል ኮሽታ ሰማሁ። ጠበቅን። ከዚያ ጎማው ጠጠሩን እየፈጨ ቁልቁል ሲወርድ ተሰማ፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ጋሼ ይልቃል ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ።

"ዳገቱ አድክሞት ይሆናል" አለ።

ቀኑ ስለደረሰ ጽሑፉን የመጨረሻው መስመር ባዶ እንደሆነ አባዛሁት። ያቺን መስመር ሴሚናሩ ላይ ቆሜ ራሴ እጽፋታለሁ፣ ቢሸከሙኝም እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። የተባዛውን ላሳየው ዳገቱን ስወጣ ግቢው ውስጥ ጭስ አየሁ። ባለፈው ሌሊት ሞቷል፤ የሞተው ማንም አጠገቡ ሳይኖር ነው። አከራይዋ ፍራሹን፣ ልብሱን፣ ጉልበቱ ላይ የነበሩትን ወረቀቶች በሙሉ ጓሮ ከምራ አቃጥላለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። "ልጆች አሉኝ፣ እቴ" ነው ያለችኝ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። አጥሩ ላይ ያሉትን ብርቱካኖች ግን የነካቸው የለም።

ሐሙሱ ሳይቀር መጣ። አቶ ደረጀ ሊሰርዙት ነበር፤ ነስረዲን "እኔ አቀርብለታለሁ" አለ። የጤና መምሪያው ሰው ከፊት ተቀመጠ፤ ጎልማሳ፣ ጸጥ ያለ፣ ብዕሩን አዘጋጅቶ። ጽሑፉን አደልኩ። ነስረዲን በደንብ አስረዳ፤ እኔ የሣልኳቸውን አንፈራጣዎችና ወንበሮች ሰሌዳው ላይ በስማቸው ጠራቸው። የመጨረሻው ገጽ ሲገለጥ ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ኮሽታ ሆነና ሁሉም ያንን ነጭ ቦታ አዩ።

"ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?" አለ እንግዳው። "ይወርዳል ወይስ አይወርድም?"

ነስረዲን ጠመኔ አነሣ። ጻፈ፣ ጠረገ፣ እንደገና ጻፈ። ሌሎቹም ተነሥተው አገዙት። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ሰሌዳው ፊት ተኮልኩሎ ያቺን አንዲት መስመር ከየአቅጣጫው ነካካት። ግን ይልቃል የሚመለሱትንና የሚቀሩትን በምን እንደለያቸው ማንም አያውቅም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ያንን ሲጽፍ አይቻለሁ፤ ቤቱ ገብቻለሁ፣ ነገሩ ግን አልገባኝም። እነሱ ነገሩ ይገባቸው ነበር፣ ቤቱ ነው ያልገቡት።

"በቃ ነስረዲን" አሉ አቶ ደረጀ በለሆሳስ።

ነስረዲን ወደ እኛ ዞረ። እጁ፣ ክራቫቱ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ጠመኔ ሆኗል። "ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር" አለ። "አስጠርቶኝ ነበር እኮ። ደጁ ድረስ ሄጄ ነበር። ከደጁ ተመለስኩ።"

አብዛኛው ሰው ያንን አጥር ያውቀዋል። እንግዳው ብዕሩን ከደነና ተነሣ። "ስትጨርሱት ላኩልኝ። እንዲህ በባዶው ገንዘብ አስፈቅጄ ክፍል ማስከፈት አልችልም" አለ፤ እውነቱን ነው። አዴ ዘይነባ ሻይ ይዛ ገባች። አረንጓዴዋ ኩባያ በልማድ ከትሪው ላይ አለች። ያን ቀን ሻይ የጠጣ የለም።

ለቀማው ደረሰ። የጭነት መኪናዎቹ ለቃሚ ጭነው፣ እየዘፈኑ፣ በኮሌጁ በር እያለፉ ወደ አጋሮ ሄዱ። መስኮቴን ዘግቼ ታይፔን መታሁ።

ጥር ላይ፣ የቡና ማስጫ አልጋዎቹ ሁሉ ባዶ ከሆኑ በኋላ፣ አቶ ነስረዲን ቢሮዬ መጣ። ጢሙ አድጓል። የለቀማውን ወራት በሙሉ ሐሙስ ማታ እየሄደ፣ እሑድ እየተመለሰ፣ ያቺ ከተማ ውስጥ ለቃሚዎቹን ማን ይመለሳል፣ ማን ይቀራል እያለ ሲያነጋግር ከርሟል። አንድ ስቴንስል ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። "ጻፊልኝ ስንዱ። የሱን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ ነሽ" አለ፤ መስመሯን በወረቀት ሰጠኝ። አጭር ነበረች። በሰሙ ላይ ቀስ አድርጌ ጫርኳት።

"ምን ትላለች?" አልኩት።

"ከአንድ በታች" አለ። "ይልቄ ልክ ነበር። ይወርድ ነበር።"

ወረቀቱ ተላከ። ክፍሏም ሌላ ዓመት ተከፈተች። የአዴ ዘይነባን ልጅ ሀዋን ግን በሽታው ያገኛት ክፍሏ ሳትከፈት ባለፈው በዚያ ለቀማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አዴ ዘይነባ ያቺ መስመር ምን እንደምትል እስክትሞት ድረስ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ሜሮን ይህን ሁሉ ስነግራት አንዴም ሰዓቷን አላየችም። መጨረሻ ላይ ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ። ተነሣች፣ በሩ ጋ ሄደች፣ ፌስታሉን ከመቀርቀሪያው አወረደች። ለልጁ ትሰጠዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ዞራ አየችኝ።

"አብረውኝ ይሄዳሉ፣ እትዬ?"

ነጠላዬን አነሣሁ።

ሰቶ ሰመሮ ስንደርስ ካፊያ ጀምሮ ነበር። የቃልኪዳን ክፍል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሜሮን ደጁ ጋ እግሯን ጎተተች፤ ግን ገባች። ቃልኪዳን አልጋው ላይ ቀና አለችና መጀመሪያ የሜሮንን ፊት፣ ከዚያ ብርቱካኑን፣ ከዚያ እንደገና የሜሮንን ፊት አየች። "መጣሽ?" ብቻ ነው ያለችው።

እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ብርቱካን ላጥኩ። ትንሽ ቆይተው ላፕቶፑን ከፈቱና ተጀመረ። "ይሄማ ልክ አይደለም!" "እንዴት አይደለም? አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው!" "እስቲ ስጪኝ፣ አሳይሻለሁ።" አንዲት ቃል አልገባኝም። የላጥኩትን ሳህን ላይ አድርጌ መሀላቸው አኖርኩ፤ ሳያዩ እያነሡ፣ አፋቸው ሞልቶ፣ መጨቃጨቃቸውን ቀጠሉ። ጅሬን ዳገት ላይ፣ ከዚያች አልጋ አጠገብ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይህንን ድምፅ ነበር የጠበቀው።